የእማሆይ አጸደ ዘርና የእኔ ግድግዳ

እማሆይ አጸደ ማረፋቸውን የሰማሁ ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ማልቀስ አልነበረም። ወጥቼ ግድግዳዬን አየሁ። ባለቤቴ መኮንን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ገና በሩ ላይ ቆሞ «እማሆይ ዐረፉ» አለኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ቤቱ ጀርባ ስዞር «ወዴት ነው? ለቅሶው እኮ በዚያ በኩል ነው» አለ። ለቅሶው በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ከእንጨት ቋሚው በስተቀኝ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ በአውራ ጣታቸው የተጫኑት ዘሮች በቦታቸው አሉ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

እማሆይ ጎረቤቴ ነበሩ። ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ከድንጋይ ካቡ ወዲያ፣ አንዲት ክፍል ቤትና ከቤቷ የሰፋ ጓሮ ነበራቸው። ባላቸው ሲሞት ነው የመነኮሱት። ቁመታቸው ከመቋሚያቸው አይበልጥም። ዳዊት ሲደግሙ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ዶሮ ሲያባርሩ ግን ድምፃቸው ከላሊበላ አልፎ ብልባላ ይደርሳል። ከዚህ ዓለም የቀራቸው ነገር ቢኖር ቲማቲም ነበር። ዓለምን ንቀዋል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ቲማቲሙ ሲቀር።

ቲማቲማቸው የቅዳሜ ገበያው ዓይነት አይደለም። የገበያው ሞላላና ቆዳው ጠንካራ ነው፤ ከአህያ ጭነት ላይ ቢወድቅ የምትደነግጠው አህያዋ ናት። የእማሆይ ግን እንደ ትንሽ ዱባ ሸንተረር ሸንተረር ያለው፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ትኩር ብለው ሲያዩት የሚሰነጠቅ ነው። ገበያ ሳይደርስ ይፈርጣል። ሲቆረጥ ግን ሽታው ቤቱን ይሞላል። ከጨውና ከቃሪያ ጋር በፍልሰታ ስበላው ጾም የሻርኩ ይመስለኝና እሳቀቃለሁ። ዱሮ ብዙ ሰው ጋ ነበር ይላሉ። ከሱቅ ዘር መግዛት ሲመጣ ሁሉም ተወው፤ በሰፈሩ የቀረው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። ዘሩ ከየት እንደመጣ ብጠይቃቸው አንድ ጊዜ «እናቴ ከቆላ ያመጣችው ነው» አሉኝ፤ ሌላ ጊዜ «አንድ ባሕታዊ የሰጠኝ ነው» አሉኝ፤ ሦስተኛ ብጠይቅ «አሁን እኔ ጋ ነው፤ ምን አገባሽ!» አሉኝ።

ከፍሬው ሁሉ የበለጠችውን መርጠው ጥቁር ክር ያስሩባታል። ክር ያለባት ለዘር ናት፤ አትነካም። አንድ ዓመት መኮንን ካቡን ሊጠግንላቸው ወርዶ ክር ያለባትን ቀጥፎ በላ።

«መኮንን፣ ክር ያሰርኩባት የት ገባች?»

«በላኋት እማሆይ። ክሯን ግን ፈትቼ አስቀምጬልዎታለሁ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «መቼ ነው የበላኻት?»

«አሁን፣ ምሳ ላይ።»

«እንግዲያው ነገ ጧት ወደ ገደሉ ስትወርድ የምትቀመጥበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርግልኝ።»

መኮንን ሊስቅ ጀምሮ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። «እማሆይ፣ እየቀለዱ ነው?»

«የቲማቲም ዘር ሆድ ውስጥ አይሞትም። አሁን አንተ መኮንን አይደለህም፤ የኔ የዘር ጎታ ነህ። ተጠንቅቀህ ሂድ።»

ሰውዬው ሁለት ወር ሙሉ በላይኛው መንገድ እየዞረ ነበር ቤቱ የሚገባው። ክረምት ሲሆን ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ሦስት ችግኝ በቅሎ ተገኘ። እማሆይ ነቅለው አምጥተው ጓሯቸው ተከሏቸው፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «እነዚህ ሦስቱ የመኮንን ናቸው» እያሉ ያሳዩ ነበር።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ይህን ሳልናገር የእሳቸውን ነገር መጨረስ አልችልም። ነጎድጓድ እፈራለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል እፈራለሁ፤ የማውቀው ቁጥር ሳይደውል ሲቀርም እፈራለሁ። ትልቋ ልጄ ቤዛ ነርስነት ልትማር ደሴ ከሄደች ወዲህማ፣ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ኔትወርኩም እንደ መንገዱ ሲሆን፣ ፍርሃቴ ቋሚ ሥራ አገኘ።

እማሆይ ይህን አይተው ነው መሰል መጀመሪያ ዘር የሰጡኝ። በተሰነጠቀ ሳፋ አፈርና ፍግ ቀላቅዬ ዘራሁት፤ ገለባ አለበስኩት፤ ውኃ አርከፈከፍኩት። ቀን ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት። በሦስተኛው ቀን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ሳይ ከካቡ ወዲያ ድምፅ መጣ።

«እናኑ! ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ?»

«በቅሎ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

«ቆፈርሽው!»

«ትንሽ ነው እማሆይ፣ በጣቴ ጫፍ።»

«እሱም በጫፉ ነው የሚበቅለው። ሞቶ ቢሆንስ ብለሽ ነው አይደል? በይ፣ አሁን ገደልሽው፤ ተገላገልሽ።»

ከዚያ ወዲህ «ቆፈርሽው!» የሳፋው ብቻ አልሆነም። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስልክ ይዤ ሲያዩኝ ይጠይቃሉ፦

«ለልጅቷ ስንት ጊዜ ደወልሽ ዛሬ?»

«አምስት።»

«አነሳች?»

«አራተኛው ላይ አነሳች። ደህና ነኝ፣ ተይኝ ላጥና አለች።»

«አምስተኛውን ምን ልትዪ ደወልሽ ታዲያ?»

«ከዚያ በኋላስ ደህና ናት ወይ ብዬ።»

«ቆፈርሽው!» ይሉና ዳዊታቸውን ይቀጥላሉ።

ዘር አያያዛቸው እንደ ማንም አይደለም። ክር ያለባትን ፍሬ ጣሳ ውስጥ ይጨምቁና ሦስት ቀን ያሳድሩታል፤ ሽታው መኮንንን ከቤት ያስወጣ ነበር። አረፋውን ገፈው፣ ዘሩን አጥበው፣ ከዐመድ ጋር ለውሰው በአውራ ጣታቸው ጭቃ ግድግዳ ላይ ይጫኑታል። እዚያው ደርቆ ይከርማል። «ወረቀት ላይ ባደርገው አይጥ ይበላዋል፤ ጨርቅ ላይ ባደርገው ይሻግታል። ግድግዳ ግን ማን ይሰርቀዋል?» ይላሉ። የሳቸው ቤት ጠዋት ፀሐይ አያገኝም። የእኛ ግድግዳ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ክፈፉም ዝናብ አያስገባም። ስለዚህ በየኅዳሩ መጥተው እኔ ግድግዳ ላይ ይጫኑት ነበር፤ አንዲት ክንድ የማትሞላ ቦታ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ። «አንቺ ፈሪ ስለሆንሽ ጥሩ ጠባቂ ነሽ» አሉኝ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው በገና ነው።

ላሊበላ የገና ሰሞን እንዴት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፦ ከየአገሩ ምእመን በእግሩ ይመጣል፤ የከተማው ሰው እግራቸውን ያጥባል፤ ያሳድራል፤ ቤቱ የሚችለውን ሁሉ ያስተናግዳል። ለእኔ ከሙጃ የመኮንን ዘመዶች ይመጣሉ። የመኮንን እኅት ደግሞ ገብታ ሳትቀመጥ ግድግዳ የምታይ ሴት ናት። ባለፈው ጊዜ «ተሰነጠቀባችሁ?» ብላኛለች። ዓመት ሙሉ አልረሳሁትም። ስለዚህ በዋዜማው ሰሞን ጭድ ያለበት ጭቃ አቦካሁ፤ ከእበትና ከዐመድ ቀላቀልኩ፤ እጅጌዬን እስከ ክርን ሰብስቤ ቤቱን ዙሪያውን ለቀለቅሁት። ውስጡን፣ ውጭውን፣ ጀርባውን። እጄ ራሱ ሥራውን ያውቀዋል፤ ሐሳቤ ግን ደሴ ነበረ፤ ቤዛ ለገና ትመጣለች አትመጣም እያልኩ።

ጨርሼ ወደ ኋላ ቆም ብዬ አየሁት። ሙሽራ መሰለ። የመኮንን እኅት አፏን ትያዝ አልኩ። ከዚያ ከቋሚው በስተቀኝ ያለውን ቦታ አየሁ። ለስልሶ፣ አብረቅርቆ፣ አንድ ነጠብጣብ የለበትም።

አበስኩ ገበርኩ!

በማንኪያ ከጥግ ላይ ጫር አደረግሁ። ያገኘሁት ጭድ ነው። ትንሽ ጨመርኩ። ጭድ፣ እበት፣ እንደገና ጭድ። ዘሩና ገለባው አንድ ሆኗል። እንግዶቹ ከታች በኩል እልል እያሉ ሲመጡ የጫርኩትን በመዳፌ መለስ አድርጌ አለሰለስኩት፤ ሳቅ ብዬም ተቀበልኩ። የመኮንን እኅት ግድግዳውን ዞራ አይታ «እህ፣ ዘንድሮስ አምሮበታል» አለች። የሞትኩ ያህል ተሰማኝ።

በሰፈሩ ሌላ ዘር የለም። ያለው እዚያ ነው፤ በጭቃ የደፈንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። መናገር ነበረብኝ፤ አወቅሁ። አልተናገርኩም። ጥምቀት አለፈ፤ አልተናገርኩም። የካቲት ሲቃረብ፣ የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ፣ ከቅዳሜ ገበያ ያንን ሞላላ ቲማቲም ገዛሁ። ጣሳ ውስጥ ጨምቄ ሦስት ቀን አሳደርኩት፤ አጠብኩት፤ ዐመድ ለወስኩት፤ በወረቀት ቋጥሬ ወረድኩ።

«እማሆይ፣ እንዳይደክሙ ብዬ ዘሩን ፍቄ አምጥቼልዎታለሁ።»

ቋጠሮውን ተቀብለው ፈቱት። ዘሩን አዩ። እኔን አዩ። ቀና ብለው ከካቡ በላይ ግድግዳዬን አዩ።

«ፍቀሽ አመጣሽልኝ?»

«አዎን።»

«የተባረክሽ» አሉ። ቋጠሮውን መልሰው ቋጠሩት።

ዘሩት። በቀለ። እኔ ያላወቅሁት ነገር የሳቸው ቲማቲም ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ሳይሆን ሰፊ መሆኑን ነው፤ ቁርጥ የድንች ቅጠል ነው የሚመስለው። ስንት ዓመት ፍሬውን እየበላሁ ቅጠሉን አላየሁትም ነበር። የኔዎቹ እንደ ገበያው ቅጠላቸው መጋዝ መጋዝ ሆኖ ወጣ። እማሆይ አልነቀሉትም። ውኃ ያጠጡታል። ሰው ሲመጣ በመቋሚያቸው እያመለከቱ «ይሄ የእናኑ ቲማቲም ነው። እንዴት ያለ ጠንካራ ነው!» ይላሉ። እኔ ለትጋቴ የተመሰገንኩ መስሎኝ «ምንም አይደል» እል ነበር።

ከዚያ አዲስ ሰላምታ ጀመሩ። ጧት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደጄ ላይ ቆም ይሉና፦

«እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ይመስገን። መኮንን ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ግድግዳውስ ደህና አደረ?»

የመጀመሪያ ቀን ዕድሜያቸው ነው አልኩ። ሁለተኛ ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው «ደህና አድሯል» ብዬ መመለስ ጀመርኩ።

ይሄ አልበቃ ብሎ አንድ ጧት በጓሮው በር ቀዳዳ ሳይ፣ እማሆይ ጣሳ ይዘው ግድግዳዬን ውኃ ይረጩታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እየደገሙ ነው የሚረጩት። በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛውም።

መኮንንን ቀሰቀስኩት። «ጸበል እየረጩ ነው። ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር አይተው ነው።»

«ምን ነገር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የማይጠሩት ነገር።»

መኮንን የበሩን ቀዳዳ ተጠግቶ አየና «እኔ አልወጣም» አለ። «እኔን ሲያዩ የሚያስታውሱት ገደሉን ነው።»

ቤዛ ጋ ደወልኩ። «እማ፣ ለምን አትጠይቂያቸውም?» አለችኝ።

«ምን ብዬ? እማሆይ፣ ቤቴ ውስጥ ሰይጣን አለ ወይ ልበል?»

«አዎ፣ እንደዚያ በይ!» ብላ ስቃ ዘጋች። ልጅ ማስተማር ይህን ነው የሚያተርፈው።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ዕድሜያቸው ጠና ያለ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቤቴን በጸበል ይርጩልኝ ብል «ምን ታየሽ?» አሉኝ። እማሆይ የሚያደርጉትን ነገርኳቸው። «ግድግዳው ላይ ብቻ ነው የሚረጩት?» አሉ። «አዎን፣ ከቋሚው በስተቀኝ።» «እዚያ ምን አለ?» አሉ። ያን ጊዜ አፌ ራሱ ተፈታ። ገናውን፣ ጭቃውን፣ የገበያውን ቲማቲም፣ ዐመዱን ሁሉ ነገርኳቸው። አባ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ጣሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ንስሐሽ ቀላል ነው» አሉ ሲረጋጉ። «ሄደሽ ንገሪያቸው።»

«አባ፣ ሌላ የለም?»

«ምን ሌላ?»

«ስግደት ይስጡኝ። መቶ እሰግዳለሁ።»

«አይሆንም።»

«ሁለት መቶ።»

«እናኑ፣ ገበያ አይደለም። ሂጂና ንገሪያቸው።»

በነጋታው ጧት ልብሴን ለብሼ ወደ ታች ልወርድ ስወጣ እማሆይ ግድግዳዬ ፊት ቆመዋል። ጣሳው መሬት ላይ ነው።

«እማሆይ» አልኩ፣ «አንድ የምነግርዎት ነገር አለ። በገና ጊዜ…»

«ነይ ወዲህ፣ ፈሪት።»

ቀረብኩ። ጭቃው ተሰነጣጥቋል። ከስንጥቁ ውስጥ አንገታቸውን ቆልመም አድርገው የወጡ፣ እንደ ክር የቀጠኑ፣ አረንጓዴ ነገሮች አሉ። አንዷ ገና የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍታለች። ከቋሚው በስተቀኝ ግድግዳዬ በቅሏል።

«ቁጠሪያቸው» አሉኝ።

አሥራ አንድ ሆኑ። ከመቁጠሬ በፊት ግን እግራቸው ሥር ወድቄ ነበር። «ይፍቱኝ እማሆይ!»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ተነሽ፣ ችግኙን በነጠላሽ እንዳትመቺው።»

በቢላ ጫፍ ከነጭቃቸው እያነሳን ወደ ሳፋው ወሰድናቸው። ቅጠላቸው ሲወጣ የድንች ቅጠል ነበር። ሰባቱ ጸደቁ። በፍልሰታ ፍሬ ሰጡ፤ ጠፍጣፋ፣ ሸንተረራም፣ ገበያ የማይደርሱ።

ኅዳር ሊገባ ሲል ነው የጠየቅኋቸው፣ ክር ያለባትን እየጨመቁ ሳለ። «እማሆይ፣ ገና ቋጠሮውን ሲፈቱት አውቀውብኝ ነበር አይደል?»

«ከዚያ በፊት ነው። የገና ዕለት ግድግዳሽ ሲያበራ ከጓሮዬ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

ከጣሳው ቀና አላሉም። «ብቆጣሽ ኖሮ በድንጋጤ ግድግዳውን ሙልጭ አድርገሽ ትፍቂው ነበር። ዘሩ ከጭቃ ይተርፋል፤ ካንቺ ድንጋጤ ግን አይተርፍም።»

ያንን ሁሉ ወር እኔ ከሳቸው ስሸሽ፣ እሳቸው ደግሞ ዘሩን ከእኔ ፍርሃት ሲጠብቁ ነው የከረሙት። እኔንም እንደ ዘሩ።

ኅዳር ላይ እንደ ልማዳቸው መጥተው ግድግዳው ላይ ተጫኑት። እጃቸው ደክሞ ነበር፤ ጥቂቱን እኔ እንድጫነው ፈቀዱልኝ። «ለስለስ አድርገሽ። ማኅተም አይደለም» አሉኝ። ለገና ቤቱን ስለቀልቅ ያችን ቦታ ዙሪያዋን በጣቴ እየከበብኩ ተውኳት። የመኮንን እኅት መጣች፤ ዞራ አየች፤ «ምነው፣ ጭቃ አነሰሽ?» አለች። «አላነሰኝም» አልኳት። ከዚያ በላይ አላብራራሁላትም፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። እማሆይ ከካቡ ወዲያ ሆነው ሰምተው ነበር። መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ አባ አገኙኝና በጆሮዬ «ግድግዳው ደህና ነው?» አሉኝ። እያለቀስኩ ሳቅ አመለጠኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አሁን የካቲት ነው። ዘሩን በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ ፍቄ በዚያው በተሰነጠቀው ሳፋ ዘርቼዋለሁ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳፋው አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ እጆቼን ብብቴ ሥር ከትቻለሁ። ቤዛ ከትናንት ጀምሮ አልደወለችም። ስልኩን አወጣሁ፤ መለስኩት። እንደገና አወጣሁትና ደወልኩ።

«እማ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ። ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ደህና መሆንሽን ብቻ ብዬ ነው።»

«ደህና ነኝ፣ እማ።»

ዘጋች። ከካቡ ወዲያ ያለው ጓሮ ጭር ብሏል፤ የማንም ድምፅ የለም። እኔ ግን ያን ድምፅ ሰማሁት፣ ብልባላ የሚደርሰውን።

«የደወልኩት ለልጅቷ ነው እማሆይ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «ዘሩን አልነካሁትም።»